በስንጥቅ የገባው መጋኛ

ልጅ ሳለሁ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ፣ በክረምት መብራት በሄደ ቁጥር የግቢያችን ልጆች ጋሽ ሙሉጌታ ቤት እንሰበሰብ ነበር። ከአንድ መሥሪያ ቤት በአለቅነት ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ አለቅነቱ ግን አልለቀቃቸውም። በኩራዙ ብርሃን ጉሮሯቸውን ጠርገው ተረት ሲጀምሩ፣ ያኔ፣ በሩ ገርበብ ብሎ፣ ፍሙ እግራችንን እያሞቀን፣ አፋችንን ከፍተን እንሰማቸዋለን። በተረታቸው ሁሉ የሚሳሳተው ጅብ ነው፣ አህያ ነው፣ ጎረቤት ነው። እሳቸው ተሳስተው አያውቁም። ያኔ ይህን እንደ ትልቅነት እቆጥርላቸው ነበር፤ ዛሬ አልቆጥርላቸውም።

አንድ የሐምሌ ጠዋት ጋሽ ሙሉጌታና ባለቤታቸው እትዬ ጽጌ ራሳቸውን ይዘው፣ እያስመለሳቸው ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው ተገኙ። ጋሽ ሙሉጌታ ግንባራቸውን በሻሽ አስረው ፍርዳቸውን ሰጡ።

«መጋኛ ነው። በበሩ ስንጥቅ ገብቶ ነው የመታን። እናንተም ስንጥቃችሁን ድፈኑ።»

ከእንጦጦ ጠበል መጣላቸው፣ አጥሚት ተሠራላቸው፤ እሳቸውም ዓይናቸውን በጨው አጥበው ጠጡት። ግቢው በሙሉ አሮጌ ጨርቅ ፍለጋ ገባ።

እናቴም የበራችንን ስንጥቅ ወተፈች። በዚያው ሳምንት ታላቅ እህቴን ሂሩትን ጉንፋን ይዟት ተኝታ ነበርና፣ እናቴ ትሙቅ ብላ የከሰሉን ምድጃ አልጋዋ አጠገብ አስገብታ፣ በሩን ዘግታ ሱቅ ሄደች። ስትመለስ ሂሩት ብትጠራት አትሰማም። ጎትታ ዝናብ ላይ አወጣቻት። እህቴ የሞተች መስሎኝ ምሰሶውን አቅፌ ቀረሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ አቃሰተች።

ጋሽ ሙሉጌታ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። «አላልኳችሁም? መጋኛ ነው።»

ያኔ እትዬ ጽጌ ከኋላቸው ወጥተው ተናገሩ። «ምን መጋኛ አለ። የከሰል ጭስ ነው። እኛም ምድጃውን አስገብተን፣ በሩን በጨርቅ ወትፈን ነው የተኛነው። ለሰው እንንገር ስለው፣ ይሥቁብናል አለኝ።»

ጋሽ ሙሉጌታ ወደ ሂሩት አላዩም። «የቤት ገመና እንዲህ አደባባይ ይሰጣል?» ብለው ሚስታቸውን ገላመጡ። ልጅቷ ጭቃ ላይ ተዘርግታ እሳቸው የሚያስቡት ስለ ስማቸው ነበር። የእሳቸው ስሕተት ከሚታወቅ የሰው ልጅ ቢሞት ይሻላቸዋል። ይህን ክብር ብሎ የሚጠራ ሰው ካለ፣ እኔ ከሱ ጋር ማዕድ አልቆርስም።

ተረቶቻቸው ዛሬ ከራሴ ጠፍተዋል። የቀረኝ እናቴ ከዚያ ወዲህ የምታደርገው ነው። አዲስ ተከራይ ግቢ በገባ ቁጥር፣ መገናኛ ቢሮ የሚውል የተማረ ወጣትም ቢሆን፣ ስሙን እንኳ ሳትጠይቅ «እኔ በከሰል ልጄን ልገድላት ነበር» ብላ ትጀምራለች። ሰዎቹ ይደነግጣሉ፤ ምድጃቸው ግን ውጭ ያድራል።

ጋሽ ሙሉጌታ አምና ሲሞቱ፣ ለቀስተኛው «ገመናቸውን ለማንም ሳይሰጡ አለፉ» እያለ ሲያመሰግናቸው ዋለ። ሂሩት ድንኳኑ ውስጥ ከጎኔ ተቀምጣ ንፍሮዋን ትበላ ነበር። እኔ ለወጉ እንኳ አላለቀስኩም።