ቀዩን መረጥኩላቸው

ለንስሐ አባቴ ሐሜቴንም፣ ቁጣዬንም፣ የገደፍኩትን ጾምም ሁሉ ተናግሬያለሁ። ይህችን ግን ሁልጊዜ ዘልያታለሁ። ሚስቴም አታውቃትም። አሁን እናንተ ፊት የማወጣት ከዚህ በላይ ይዣት መኖር ስላቃተኝ ነው። ጋሽ ይልማን ለማይሆናቸው ሞተር አሳልፌ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ከዚያም የባሰ አድርጌያለሁ፤ እሱን ወደ ኋላ ትሰሙታላችሁ።

ጋሽ ይልማ እሪ በከንቱ ሰፈር የአጥር ጎረቤታችን ነበሩ፤ ፒያሳ ሰዓት ሲጠግኑ የኖሩ ሰው። ሳምንቱን ሙሉ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በጥቃቅን ብሎን ሲታገሉ ይከርሙና፣ ቅዳሜ ሲሆን ፈቃድ ያለው ጠመንጃቸውን ይዘው ከከተማ ይወጣሉ። ቆቅና ጅግራ ያድናሉ፣ ሲቀናቸው ድኩላ። ለእሳቸው መዝናኛ ማለት ይኸው ነበር። በኋላ ጉልበታቸው እምቢ አለ። ዳገት መውጣት ሲያቅታቸው ሰውዬው ጠወለጉ፤ ቅዳሜን ቤት ተቀምጠው ከእትዬ ብርቄ ጋር መነታረክ ጀመሩ። በመጨረሻ አንድ ነገር ቆረጡ። ጭቃም ድንጋይም የማይመልሰው ባለ አራት እግር ሞተር ሊገዙ።

"ምረጥልኝ" አሉኝ። ማንን ይጠይቁ? እኔ ሞተር ሠሪ ነኝ፣ የሞተር ሠሪ ልጅ። ከቴዎድሮስ አደባባይ እስከ ምኒልክ አደባባይ ሞተሩ እምቢ ያለው ሁሉ የሚደውለው ለእኔ ነው። ጋሽ ይልማ ስለ ሞተር የሚያውቁት ቤንዚን እንደሚጠጣ ብቻ ነበር።

አስመጪው ግቢ ውስጥ ሁለት ቆመው ነበር። አንደኛው አረንጓዴ ነው፤ ሰፊ፣ ከባድ፣ አራቱም ጎማው የሚጎትት፣ ፊትና ኋላ ዕቃ መጫኛ ያለው። ቁልቁለት ላይ በማርሹ ብቻ ራሱን ይይዛል። ቁመናው የእርሻ በሬ ነው። ሌላው ቀይ፤ ጠበብ ብሎ ከፍ ያለ፣ የኋላ ጎማው ብቻ የሚገፋው፣ ለሜዳ ሩጫ የተሠራ። ሁለቱንም እዚያው ግቢ ባለ የአፈር ክምር ላይ ሞከርኳቸው። አረንጓዴው ዝግ ብሎ ወጣ። ቀዩ ግማሽ ላይ ሲደርስ ፊቱ ከመሬት ተነሳብኝ። ደረቴን መሪው ላይ ጥዬ ነው ያወረድኩት። ታዲያ ምን አደረግኩ? ሳቅኩ። ደስ አለኝ።

ጉልበታቸው ለማይታዘዝ አዛውንት፣ ሥጋ ጭነው ዳገት ለሚወጡ ሰው፣ የትኛው እንደሚሆን ጠፍቶኝ ነው? አልጠፋኝም። እሳቸው አደን ፈለጉ፣ እኔ መጫወቻ ፈለግኩ። እሑድ እሑድ ተውሼው ሱሉልታ ሜዳ ላይ አቧራ እያስነሳሁ ስከንፍ ታየኝ። "ጋሽ ይልማ፣ የሚያዋጣዎት ቀዩ ነው፤ አረንጓዴው ከባድ ስለሆነ ጭቃ ውስጥ ይቀበርብዎታል" አልኳቸው። ዓይኔን በጨው ታጥቤ። "አንተ ካልክ አለቀ" አሉ፤ ሌላ ጥያቄ አልጠየቁም። ቀዩ ዕቃ መጫኛ ስላልነበረው ከወንበሩ ኋላ ፖርቶመጋላ አስበየድኩለት። ፊቱ የሚነሳ ሞተር ላይ ከኋላ ክብደት መጨመር ምን እንደሚያመጣ ለእኔ የሚነግረኝ ሰው ያስፈልጋል? እኔው አስበየድኩት፣ እኔው ቀይ ቀለም አስቀባሁት። እሑድ እሑድም እንዳሰብኩት ከነፍኩበት።

ጋሽ ይልማ የወደቁበት ቅዳሜ የወሩ ጊዮርጊስ ነበር። እትዬ ብርቄ በር ላይ ቆመው፣ "ዛሬን እንኳ ተው፣ በጊዮርጊስ ቀን ደም አታፍስስ" ብለው ለመኗቸው። ጋሽ ይልማ አመነቱ። አብሬያቸው ልሄድ የተነሳሁት እኔ ግን ቀለድኩ። "እትዬ ብርቄ፣ እሱ ራሱ ፈረሰኛ አይደል እንዴ? ቢረዳን እንጂ!" ጋሽ ይልማ ሳቁና ወጣን።

ከሰዓት በኋላ ድኩላ ጣሉ። ፖርቶመጋላው ላይ አንስቼ ያሰርኩላቸው እኔ ነኝ። እሳቸው ዳገቱን ጀመሩት፤ እኔ ከጎን በእግሬ እከተላለሁ። እላይ ሊደርሱ ሲሉ ፊቱ ተነሳ። "ወደ ፊት ይጎንበሱ!" ብዬ ጮህኩ። በየትኛው ጉልበታቸው ይጎንበሱ? ሞተሩ ከነድኩላው ወደ ኋላ ተገልብጦ ላያቸው ላይ ወደቀ። ዳሌያቸውና ቀኝ እግራቸው ደቀቀ።

ሆስፒታል እትዬ ብርቄ እያለቀሱ "ነግሬው ነበር፣ በዓል ሽሮ ነው፣ ጊዮርጊስ ነው የቀጣው" ይላሉ። ሊጠይቅ የመጣው ሁሉ ከንፈሩን ይመጥጣል። አንድ ቀን ብቻችንን ስንቀር ጋሽ ይልማ እጄን ያዙኝ።

"አንተ ሞተር ታውቃለህ" አሉ። "እውነቱን ንገረኝ። ሞተሩ ነው ወይስ እሱ ነው?"

"ሞተሩ ምንም አልነበረበትም፣ ጋሽ ይልማ።"

እኔ ነኝ ይህን ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም። ሰው ጥፋቱን በሰው ያላክካል፣ በመንገዱ ያላክካል፣ በዝናቡ ያላክካል። በሰማዕት የሚያላክክ ምን ዓይነት ሰው ነው? ጋሽ ይልማ እጄን ለቀቁና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሞተሩን ሌላ ባለሙያ ሳያየው ፈታትቼ በየዕቃው ሸጥኩት።

ዛሬ የሚሄዱት በክራንች ነው። ሰፈራችን ከፈረሰ ወዲህ መኖሪያቸው ከከተማው ዳር ነው፤ ግን በወር በወሩ ጊዮርጊስ አውቶቡስ እየቀያየሩ ፒያሳ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ይመጣሉ። መጥተውም አይገቡም። ያገቡበት፣ ልጆቻቸውን ክርስትና ያስነሱበት ደብር ነው። ግንቡን ተሳልመው፣ ፀሐይ ቢሆን ዝናብ ቢሆን፣ ቅዳሴ እስኪያልቅ ከቅጥሩ ውጪ ይቆማሉ። የንስሐ አባታቸው ቀኖና ሰጥተው፣ እግዚአብሔር ይፍታህ ብለው፣ ግባ ቢሏቸው እንኳ አልሰሙም። "እሱ ገፍትሮ ጥሎኝ በየትኛው ፊቴ ነው የምገባው?" ይላሉ። እግራቸውን የሰበረው ሞተሩ ነው። ልባቸውን የሰበርኩት ግን እኔ ነኝ።

ባለፈው ወር ልነግራቸው ቆርጬ ሄድኩ። መንገድ ላይ ቃሌን ስደጋግም ነበር። ግንቡን ተደግፈው አገኘኋቸው። "ጋሽ ይልማ፣ አንድ የምነግርዎት ነገር..." ስል ፊታቸው በራ፤ ከኮታቸው ኪስ ጧፍ አወጡ።

"እግዜር ነው ያመጣህ። አንተ ምንም የለብህም። ግባና በእኔ ፈንታ አብራልኝ፤ ስሜን ጥራልኝ።"

አፌ ተከፍቶ ነበር። አንድ ቃል ነበር የቀረው። እኔ ግን እጄን ዘረጋሁና ጧፉን ተቀበልኩ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። የክርስትና ስማቸውን ጠርቼ አበራሁ። ለራሴ ግን ምንም መለመን አልቻልኩም። ስወጣ "አበራህልኝ?" አሉኝ። "አዎ" አልኩ። አጎንብሰው እጄን ሳሙኝ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። እናንተ ይቅር ብትሉኝ ጋሽ ይልማ በዚያ በር አይገቡም። ልጅ ነበርኩ አልልም፣ አልነበርኩም። አላወቅኩም አልልም፣ ከማንም በላይ አውቅ ነበር። ሰማዕቱ አልነካቸውም፤ ይህን ማወቅ የነበረባቸው ከሁሉ በፊት እሳቸው ነበሩ፣ እኔ ግን ለእናንተ ነገርኳችሁ። የሚቀጥለው ጊዮርጊስ ደርሷል። ጋሽ ይልማ ጧፋቸውን ይዘው ይመጣሉ። አሁንም እጄን ዘርግቼ ጧፉን እቀበላቸዋለሁ ብዬ እፈራለሁ።