የወንድሜ ስልክና የአደራው ገንዘብ

እናቴ ደውላ «ወንድምሽ አንቺ ጋ መጥቷል እንዴ?» ስትለኝ ሳን ሆዜ፣ መሥሪያ ቤት፣ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። እኔ ጋ የሚመጣበት ምክንያት አልነበረም። ወንድሜ የሚኖረው ከእሷ ጋር፣ በመኪና አንድ ሰዓት ርቆ፣ ኦክላንድ ነው። ብቻውን ቢሄድ እዚያው አጠገብ እስካለችው ኤመሪቪል ነው። እዚያ ሰው በነፃ የሚያመላልሰው ሻትል አውቶቡስ ላይ ተሳፍሮ ይዞራል፣ አውቶቡሶች በቪዲዮ ቀርጾ ኢንተርኔት ላይ ይጭናል፣ ለምሳ ይመለሳል። የዚያን ቀን ግን ምሳው ጠረጴዛ ላይ ቀዝቅዞ ቀርቷል።

ወንድሜ ልጅ ሳለ መንገድ ሲሻገር መኪና ገጭቶት ጭንቅላቱ ተጎድቷል። አሁን ጎልማሳ ነው። ያነባል፣ ይጽፋል፣ የአውቶቡስ መስመሮችን ከሹፌሮቹ እኩል ያውቃል። ሰው ሲዋሸው ግን አይለይም፤ ፈገግ ያለለት ሁሉ ጓደኛው ነው። ከአደጋው በኋላ የኢንሹራንስ ካሳ ሲከፈል ገንዘቡ ስፔሻል ኒድስ ትረስት በሚሉት ዓይነት ተቀመጠለት። ገንዘቡ ለእሱ ጥቅም ብቻ ነው የሚውለው፤ እጁ ላይ ግን አይገባም። አንድ ኃላፊ ይዞት ለሚያስፈልገው ነገር በቀጥታ ይከፍልለታል። እንዲህ ባይሆን መንግሥት የሚሰጠው ድጎማና ሕክምና ሊቋረጥበት ይችላል። አባታችን በሕይወት ሳለ ኃላፊው እሱ ነበር፤ ሲሞት እኔ ሆንኩ። እናቴ ትረስት አትልም፤ «አደራው» ነው የምትለው።

ስልኩ ላይ ደጋግሜ ደወልኩ፤ አያነሳም። ከስብሰባው ወጥቼ መኪናዬን አስነሳሁ፤ ወዴት እንደምነዳ ግን አላውቅም። ወደ ኦክላንድ ልሂድ ወይስ ፖሊስ ልጥራ እያልኩ የትራፊክ መብራት ላይ ቆሜ እንደገና ስደውል ስልኩን አነሳ።

«የት ነህ?» አልኩት።

«ሳን ሆዜ። ባርት ስቴሽን፣ የመጨረሻው» አለኝ ደስ ብሎት፤ የባቡሩን ጣቢያ ማለቱ ነው። «ፍሬንዴን እየጠበቅኩ ነው።»

ስደርስ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ለዒድ የተገዛለትን ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ጭኑ ላይ ስጦታ የያዘ ከረጢት አለ፤ ውስጡ የአሻንጉሊት አውቶቡስ። ቀስ እያልኩ ስጠይቀው ነገሩ ወጣ። ሰውዬው ከቪዲዮዎቹ ሥር ኮሜንት እየጻፈ ነው የተዋወቀው። እኔም አውቶቡስ እወዳለሁ ብሎታል። ከዚያ የት እንደሚኖር፣ እናቱ ከቤት መቼ እንደምትወጣ ጠየቀው፤ ነገረው። የመታወቂያውን ፎቶ ጠየቀው፤ ላከለት። በመጨረሻ ብቻህን ና፣ ለማንም አትንገር አለው፤ አልተናገረም።

እንሂድ ስለው ትንሽ እንጠብቀው አለኝ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከባቡር የሚወርደውን ወንድ ሁሉ ዓይን ዓይኑን ሳይ፣ ቦርሳዬን ስከፍትና ስዘጋ ቆየሁ። ማንም አልመጣም። መኪና ውስጥ ስንገባ ወንድሜ «ሥራ በዝቶበት ይሆናል» አለ።

ከዚያ ወዲያ ልቤ አላርፍ አለ። የመታወቂያውን ነገር ለፖሊስ አመለከትን፤ የሰውዬው አካውንት በማግስቱ ጠፍቶ ነበር። እኔ ግን ሥራ ላይ ሆኜ እናቴ ጋ እደውላለሁ፣ ስዘጋ ወዲያው መልሼ እደውላለሁ። የቤቱን አድራሻ የሚያውቅ አንድ የማላውቀው ሰው እዚሁ አካባቢ አለ። ወይም የለም። የትኛው እንደሆነ አለማወቄ ነበር የሚያቁነጠንጠኝ።

የትረስቱን ጉዳይ ለያዘችው ጠበቃ ደወልኩላት። እሱን ከእንዲህ ዓይነት ሰው ለመጠበቅ ከአደራው መክፈል ይቻላል ወይ አልኳት። ይቻላል አለችኝ፤ ስልኩን የሚጠብቅ ፕሮግራም፣ መታወቂያውን ሰው ቢጠቀምበት የሚያስጠነቅቅ አገልግሎት፣ የሚያስተምረው ሰው እንኳ። ለእሱ የሚጠቅም ይሁን፣ ክፍያውም በቀጥታ ለሚሠሩት ይሂድ እንጂ በእጁ አይሰጠው። የእናቴንም ስልክ አብሬ ላስገባ ስላት አይሆንም አለች፤ አደራው የእሱ ብቻ ነው።

ከፕሮግራሞቹ ሁሉ ጥብቁን መረጥኩ። የሚጻፍለትና የሚጽፈው መልእክት በሙሉ እኔ ስልክ ላይ ይመጣል። ቅዳሜ ኦክላንድ ሄጄ ምሳ ላይ ነገርኩት። ተነሥቶ ስልኩን የእናቴ መሳቢያ ውስጥ ከተተና ክፍሉ ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቪዲዮ መቅረጽ ተወ፤ ከቤት መውጣትም ተወ።

እናቴ ስትደውልልኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር። «ልጄን ከሌባ ልትጠብቂው ነው ወይስ ልታስሪው?» አለችኝ።

ፕሮግራሙን አቋረጥኩና አስተማሪ ፈለግኩ። ጭንቅላታቸው የተጎዳ አዋቂዎችን የምታስተምር፣ ኤል ሴሪቶ ቢሮ ያላት ሴት አገኘሁ። የመጀመሪያው ቀን እኔን ውጪ ጠብቂ አለችኝ። ኮሪደሩን ወዲህ ወዲያ ስል ከበሩ ጀርባ የወንድሜን ሳቅ ሰማሁ። በኋላ እንደነገረኝ፣ እሷ የማታውቀው ሰው ሆና ትጽፍለታለች፣ እሱ ይመልሳል። መጀመሪያ ላይ አድራሻውን ሰጥቷት ነበር። እየቆየ ሲሄድ «ዋይ ዱ ዩ አስክ?» እያለ ለምን እንደምትጠይቀው መጠየቅ ጀመረ።

ከሳምንታት በኋላ እኔንም አስገቡኝ። የተስማሙበትን ነገሩኝ። የማያውቀው ሰው አድራሻ ወይም ፎቶ ከጠየቀው፣ ለማንም አትንገር ካለውም፣ ከመመለሱ በፊት ለሚያምነው ሰው ያሳያል። አዲሱ ፕሮግራም የእንግዳ ሰው መልእክት ይከለክላል እንጂ የእሱን ጽሑፍ አያነብም። ከቤት ሲወጣ የት እንዳለ ይታየኛል፤ የእኔም ለእሱ ይታየዋል፤ ይህን የጨመረው እሱ ነው። የሚያሳየው ለማን እንደሆነ አስተማሪዋ ስትጠይቀው እኔ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ።

«ለእማ» አለ።

እናታችን እንግሊዝኛ በቅጡ አታነብም። ይህንኑ ስነግረው «አይ ኖው፣ አውቃለሁ። ግን እሷ አትጮህም» አለኝ።

ሁሉም ከአደራው ተከፈለ። ወንድሜ ስልኩን ከመሳቢያው አወጣና ወደ አውቶቡሶቹ ተመለሰ። እኔ ስልኬ ላይ እሱ ያለበትን የሚያሳየውን ሰማያዊ ነጥብ ሳይ እውላለሁ። አንድ ቀን ሳን ፓብሎ አቬኑ ላይ ነጥቧ አልነቃነቅ ብትል ደወልኩ። እየቀረጽኩ ነው፣ ድምፅሽ ይገባል ብሎ ዘጋብኝ።

ክረምት መጀመሪያ ላይ እናቴ ደወለች። «ይህን ሰውዬ እይልኝ ብሎ ስልኩን አምጥቶልኛል» አለች። «አንብቦ ነገረኝ፤ ሰውዬው ይህ ሚስጥር ነው ይለዋል።» ቪዲዮው ሥር፣ ፕሮግራሙ በማይከለክለው ኮሜንት፣ በሌላ ስም የመጣ ሰው ነበር። ያው ሰው ይሁን ሌላ አላወቅንም። ቁልፌን አንሥቼ ስነሣ ወንድሜ ስልኩን ተቀበላት። «አትምጪ። ብሎክ አድርጌዋለሁ፤ ሪፖርትም አድርጌያለሁ» አለኝ።

እኔ ግን ሄድኩ። ስደርስ እሱ ወጥቷል። እናቴ ተቀመጪ አለችኝ፤ መስኮቱ አጠገብ ቆሜ ቀረሁ። ሲመለስ በመምጣቴ አልተቆጣም። የዕለቱን ቪዲዮ ላሳያችሁ ብሎ መካከላችን ተቀመጠ። ረጅም ነበር፤ አውቶቡስ ይመጣል፣ በሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ይሄዳል። እናቴ መሐል ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። እኔ እስኪያልቅ ድረስ ከአውቶቡሱ ጀርባ የሚያልፉትን ሰዎች ፊት እያየሁ ነበር።