የኔ በርሜሎች ዘንገና ላይ

ዳንግላ ውስጥ አሮጌ በርሜል እነግድ በነበረበት ጊዜ ገዢን ለምን እንደፈለገው አልጠይቅም ነበር። የሚጠይቅ ነጋዴ ምክር መስጠት ይጀምራል፤ ምክር የጀመረ ደግሞ ዋጋ መቀነሱ አይቀርም። የዘይትና የነዳጅ በርሜል ከባሕር ዳር አመጣለሁ፣ አጥባለሁ፣ ቀለም ቀብቼ እሸጣለሁ። ዝገት የበሳው ካለ፣ መርፌ የምታህለዋን ቀዳዳ በልብስ ሳሙና እደፍንና ቀለሙን ከላይ አስተኛበታለሁ። የኔ ፈጠራ አይደለም፤ የነዳጅ ታንከር የተበሳበት ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል። ሳሙና ነዳጅን ይችላል። የማይችለው ውሃን ነው፤ ውሃ ቀስ እያለ ያሟሟዋል። ይህንንም አውቅ ነበር።

አንድ የእንጅባራ በያጅ መጥቶ ስምንት በርሜል ገዛኝ። ከስምንቱ ሦስቱ ሳሙና የጎረሱ ነበሩ። እሱ ምን ሊሠራባቸው እንደሆነ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። በጋሪ እስከ መኪናው አስጭኜለት ተለያየን።

ከወራት በኋላ፣ ከፋሲካ ወዲህ በአንዱ እሑድ፣ ቤተሰቤን ይዤ ዘንገና ሄድኩ። ሐሳቡ የባለቤቴ ነው። ሁለት ሰዎች ሐይቁ ላይ የሽርሽር ጀልባ አስገብተዋል የሚል ወሬ ሰምታ፣ እናቷን ካላሳየሁ አለች። አማቴ ውሃ የሚወዱት በማሰሮ ሲሆን ነው፤ ግን ልጃቸው ከጠራቻቸው ይመጣሉ። የስድስት ዓመቷ ልጃችን ደግሞ ከዋዜማው ጀምሮ እንቅልፍ አልነበራትም።

ከሚኒባስ ወርደን በጫካው መሀል ቁልቁል ስንወርድ ሁለቱ ጀልባዎች አንድ ግንድ ላይ ታስረው አየናቸው። መንታ ናቸው። እያንዳንዳቸው ስምንት በርሜል፣ በላዩ ጣውላ፣ በጣውላው ላይ አራት አግዳሚ፣ ዙሪያውን ነጭ የብረት መደገፊያ፣ ከላይ ሸራ። በርሜሎቹ ሁሉ ሰማያዊ ተቀብተዋል። ባለቤቶቻቸው ግን አይመሳሰሉም፤ አንዱ አፈኛ ነው፣ ሌላው ግንዱ ላይ ተቀምጦ ዝም ብሎ ያየናል።

“ኑ፣ ኑ፣ እናታችን፣ በቀኝ እግርዎ ይግቡ” አለ አፈኛው። “ጀልባዎቹ አንድ ናቸው፤ አንድ በያጅ ነው የሠራቸው። ልዩነቱ እኔና እሱ ነን። እኔ አጫውታለሁ፣ እሱ ያስቆዝማል።”

“የየት አገር በያጅ ነው?” አልኩት።

“የእንጅባራ።”

“በርሜሉንስ ከየት አመጣው?”

“ግማሹን ከባሕር ዳር፣ ግማሹን ከዳንግላ አለኝ መሰለኝ።”

“የዳንግላው የትኛው ነው?”

“እኔ ምን አውቄ። ቀለም ከተቀባ በኋላ በርሜል በርሜል ነው።”

ለሱ ነው እንጂ ለኔ አይደለም። የኔ በርሜል ምልክት አለው፤ ክዳኑን ስገጥም ጥርሱ ላይ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ የተቀደደች ቀጭን ቁራጭ እጠቀልልበታለሁ። ፊቴን የምታጠብ መስዬ ውሃው ዳር ቁጢጥ አልኩ። የአፈኛው ጀልባ ክዳኖች ባዶ ብረት ናቸው። ወደ ዝምተኛው ጀልባ ዞርኩ። ከመጀመሪያው በርሜል ክዳን ሥር ጥቁሯ ጎማ ጫፏን አውጥታለች። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውን ማየት አላስፈለገኝም።

ባለቤቴ ወደ ዝምተኛው ጀልባ መራመድ ጀምራ ነበር፤ ክንዷን ያዝኩ።

“ያችኛዋ ትሻላለች” አልኳት።

“በምን?”

“በቀለሟ።”

“ሁለቱም ሰማያዊ ናቸው እኮ።”

“እኔ ነኝ ነጋዴው ወይስ አንቺ?”

አየችኝ፤ ግን ሰው ፊት አልተከራከረችኝም። አማቴን ደግፈን አፈኛው ጀልባ ላይ ወጣን። ሲወጡ ጣውላውን በእግራቸው ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርገው፣ “ጠፍር አልጋ ላይ የቆምኩ መሰለኝ” አሉና ተቀመጡ። እኔ ጎናችን የታሰረችውን ጀልባ ላለማየት ዛፍ እቆጥር ጀመር። በልቤ ነገሩን ጨርሼዋለሁ፤ ቤተሰቤ ደህናዋ ጀልባ ላይ ነው፣ ሰኞ ወይም ማክሰኞ በያጁን ፈልጌ ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ። ዛሬ ሰው ካልመጣ ችግር የለም።

ሰው መጣ። ከጥሊሊ የመጡ ቤተሰብ ናቸው፤ አንድ ሽማግሌ፣ ሁለት ሴቶች፣ ሦስት ልጆች። ከሴቶቹ አንዷ ጀርባዋ ላይ ሕፃን አዝላለች። እርስ በርሳቸው በአዊኛ ይሳሳቃሉ። የኛ ጀልባ ላይ ለሁሉም የሚበቃ ቦታ አልነበረምና ዝምተኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ከግንዱ ተነሣ፤ እጅ እየሰጠ አንድ በአንድ አወጣቸው። ባለሕፃኗ ስትወጣ የጀልባዋ የግራ ጥግ ዝቅ አለ። ልጆቹ ወደ ቀኝ አልፈው ሲቀመጡም ቀና አላለም። ዘንገና ደግሞ ዳሩም ዳር አይደለም፤ ሁለት እርምጃ ከገባህ ወለል የለህም።

እኔ የገበያ አዊኛ አለኝ። ዋጋ ለመቁረጥ ይበቃል፤ ሰው ለማስጠንቀቅ አይበቃም።

“ምን ሆነሃል?” አለችኝ ባለቤቴ። “ላብህ።”

ከጀልባው ወረድኩ። ዝምተኛው አጠገብ ሄጄ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ “ወንድሜ፣ ጀልባህ በግራ በኩል ዘማለች” አልኩት።

“ሰው ሲወጣባት ትዘማለች። ታዲያ ሽቅብ ትብረር?”

“ሰዎቹን አውርዳቸውና አንዴ እንያት።”

በአገጩ ወደ አፈኛው ጠቆመ። “ስንት ሰጠህ?”

“ማን?”

“እሱ ነዋ። ባለፈው እሑድ የላከው ሰውዬ አግዳሚ ሥር እባብ አየሁ ብሎ ሰው አስፈረጠጠብኝ። አንተ ደግሞ ዘማለች ትላለህ።”

“እባቡ እውነት ነበር” አለ አፈኛው ከወዲያ።

ዝምተኛው ጀርባውን ሰጥቶኝ ገመዱን ከግንዱ ይፈታ ጀመር። አንዱን ዙር ፈታ። ሁለተኛውን ሲጀምር ገመዱን በሁለት እጄ ያዝኩ። ጎተተው፤ አለቀቅሁም። አሁን ሁሉም ያየናል፤ አማቴም፣ ልጄም።

“በርሜሎቹን የሸጥኩት እኔ ነኝ” አልኩ። ድምፄ ከፈለግሁት በላይ ወጣ። “ሦስቱ ቀዳዳ ነበራቸው። በሳሙና ነው የደፈንኳቸው። ውሃ አይችሉም።”

ሽማግሌው ከጀልባው ላይ ጎንበስ ብለው፣ “በምን አልክ?” አሉኝ።

“በሳሙና፣ አባባ።”

“በልብስ ሳሙና?”

“በልብስ ሳሙና።”

ለቤተሰባቸው በአዊኛ አንድ ቃል ብቻ አሉ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነሥተው ወደኛ ወደ ዳሩ ተጠጉ፤ የሰዉ ሁሉ ክብደት ያችው የግራ ጥግ ላይ ዐረፈ። ጣውላው ጫፍ ላይ ውሃ ወጣ፣ የልጆቹን ጫማ አራሰ። ዝምተኛው ገመዱን ጥሎ መደገፊያውን በደረቱ ደግፎ ያዘው። እኔም ከጎኑ ደገፍኩ። ሽማግሌው በአዊኛ ጮክ ብለው ከልጆቹ ሁለቱን ወደ ቀኝ መለሷቸው፤ ጀልባዋ ትንሽ ቀና አለች።

ባለሕፃኗ አንቀልባውን ፈትታ ሕፃኑን ዘረጋች። እጄን ዘረጋሁ። አየችኝና ሕፃኑን ወደ ደረቷ መለሰችው። ከኋላዬ አማቴ መጥተው ኖሯል፤ ውሃ ውስጥ በጫማቸው ቆመው፣ “ለኔ ስጪኝ ልጄ” አሏት። ለሳቸው ሰጠቻቸው። ከዚያ አንድ በአንድ ወረዱ።

ዝምተኛው ከሐይቁ ዳር ድንጋይ አንሥቶ በርሜሎቹን ያንኳኳ ጀመር። የመጀመሪያው ጮኸ። ሁለተኛው ጮኸ። ሦስተኛው ውሃ ሞልቶት ዱብ አለ፤ በሞላ ጆንያ ላይ እንደተወረወረ ነገር። አራተኛውም እንዲሁ። ስድስተኛውም ዱብ ሲል ድንጋዩን ጣለው።

“እነዚህን ይዤ ሦስት እሑድ ቀዝፌያለሁ” አለኝ።

አማቴ ሕፃኑን እንደታቀፉ ወደ አፈኛው ጀልባ ዞሩ። “ያችኛዋስ ያንተ አይደለችም። ደህና መሆኗን በምን ዐወቅህ?”

የኔ ስላልሆነች ብቻ ነበር። ከዚያ በላይ ምንም አላየሁም፤ ልጄንና እሳቸውን ያስቀመጥኩት በዚያ ብቻ ተማምኜ ነው። ድንጋዩን አንሥቼ ስምንቱንም አንኳኳሁ። ሁሉም ጮኹ። አማቴ የኛን ቦታ ለጥሊሊዎቹ ሰጡ። ልጄ አለቀሰች፤ ማንም አላባበላትም። እኔና ዝምተኛው እስኪመሽ ሦስቱን በርሜል ስንፈታ ዋልን።

“ሦስት ደህና በርሜል ታመጣለህ” አለኝ ሲለየኝ። “ከዚያ መጀመሪያ አንተ ትወጣለህ። ብቻህን ግን አይደለም፤ ከቤትህ ሰው ጋር። ወሬው ነገ ጥሊሊ ድረስ ይደርሳል፤ ያለዚያ ማን ይወጣብኛል?”

ያለው ሁሉ እውነት ነው፤ ሚስቴን መለመኑ ግን የኔ ድርሻ ነበር። ማታ በሚኒባስ ተመለስን። እንጅባራን አልፈን ዳንግላ ልንገባ ስንል፣ ልጃችን ጭኗ ላይ ተኝታ ሳለ፣ “ያ ሕፃን የኛ ቢሆን ኖሮ” አለች፣ “ሴትየዋ ለመውጣት እግሯን ሳታነሣ አንተ ቀድመህ ትናገር ነበር።”

“አዎ” አልኳት።

በርሜሎቹን ከባሕር ዳር አዲስ ገዛሁ፤ አንዱንም ሳልቀባ፣ ዝገት የሌለው ብረታቸው እየታየ አመጣኋቸው። በሚቀጥለው እሑድ በያጁ ገጠማቸው። ዘንገና ዳር ሰው ተሰብስቦ ነበር፤ አፈኛው ለሰዉ ታሪኩን ከነእባቡ ያወራል።

ባለቤቴ መጣች። ልጃችንን ከአማቴ ጋር ዳንግላ ትታ፣ ብቻዋን። ሰላምታ ሳትሰጠኝ አልፋኝ ጀልባዋ ላይ ወጣች፤ የግራው ጥግ አግዳሚ ላይ፣ ልክ ከአዲሶቹ በርሜሎች በላይ ተቀመጠችና ነጠላዋን አጣፋች። ከጎኗ ልቀመጥ ስል በእጇ ፊት ለፊቷ ያለውን አግዳሚ አሳየችኝ።

“እዚያ” አለችኝ። “እያየሁህ።”

ከዚያ ወደ ዝምተኛው ዞር ብላ፣ “በል ወንድሜ፣ ቅዘፍ” አለችው።