የካሜራው ኅዳር ዐሥር

ወንድሜ የሞተው ኅዳር ዘጠኝ አመሻሽ ላይ ነው። የቀበርነው ኅዳር ዐሥር ነው። ይህን አስቀድሜ የጻፍሁት አንዳንድ ጊዜ እኔም ስለሚምታታብኝ ነው።

ካሜራው ሌላ ይላል። በካሜራው ውስጥ ወንድሜ የሰው ግቢ ውስጥ ቆሞ፣ ነጭ ወረቀት ደረቱ ላይ ይዞ ይስቃል። ከታች በቀኝ ጥግ ትንንሽ ቁጥሮች አሉ። ቀን ዐሥር፣ ወር ሦስት፣ አራት ሰዓት ከሃያ። ሦስተኛው ወር ኅዳር ነው። ኅዳር ዐሥር ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ እኛ መቃብር እያስቆፈርን ነበር።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ቁጥር ግን ታነባለች። ድንች ስትነግድ፣ ስልክ ስትደውል ለምዳዋለች። ያንን ቁጥር ያነበበችው ራሷ ናት። እኔ አላነበብሁላትም።

ወንድሜ ሠርግና ክርስትና የሚቀርጽ ሰው ነበር። ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ፣ አንዳንዴም እስከ አዘና ይጠሩታል። ሌላውን ሲቀርጽ ስለሚውል የራሱ ምስል የለውም። ያለው ይህ ብቻ ነው። ካሜራ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ነጭ ነገር ማየት አለበት፤ አለዚያ ሰው ሁሉ ሰማያዊ ይሆናል ይል ነበር። ወረቀቱን የሚይዝለት ሲያጣ ካሜራውን በማቆሚያው ላይ ተክሎ ራሱ ከፊቱ ይቆማል። በኋላ ያጠፋዋል። የዚያን ቀኑን አላጠፋውም። ጊዜ አላገኘም።

ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ያደረገው በዘመን መለወጫ፣ መስከረም አንድ ነው። ካሜራው ያገለገለ ነው፤ ሲገዛው የፈረንጅ ቀን ነበረው። ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ቁልፎቹን ሲነካካ አጠገቡ ነበርሁ።

«የፈረንጁን ለምን አትተወውም?» አልሁት።

«ካሜራው የሚኖረው እንጅባራ። የፈረንጅ ቀን ምን ይሠራለታል?»

«ኋላ እንዳይጠፋብህ።»

«አንተ ለፈተናህ አስብ። ይኸው፣ ሰዓቱንም በእኛ አደረግሁት። አሁን አገው ሆነ፤ የቀረው ፈረስ ብቻ ነው።»

ሳቅሁ። እሱም ሳቀ። ከዚያ ሌላ ነገር አላወራንም። ወይም አውርተን ይሆናል፤ አላስታውስም።

ኅዳር ዘጠኝ ዳንግላ ክርስትና ነበረው። ሲመለስ የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገለበጠ። አስከሬኑን ልናመጣ የሄድነው እኔና አጎቴ ነን። አጎቴ የአባታችን ታላቅ ወንድም ነው። አባታችን ካረፈ ወዲህ የቤታችን ነገር በእሱ እጅ ነው። የካሜራው ቦርሳ አልተቀደደም። ካሜራው ሲበራ በራ። ትንሿ ስክሪን ላይ ብቻ፣ በላይኛው ጥግ፣ ቀለም የፈሰሰበት የመሰለ ጥቁር ነገር ነበረ።

ሽማግሌዎች እናቴ አትየው አሉ። አጎቴ ገነዘው። እናቴ ያቀፈችው ሳጥን ነው።

ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ካሜራውን አምጣልኝ አለችኝ። ከፈትሁላት። ብዙ ጊዜ አየችው። ሲያልቅ መልሰው ትለኛለች፤ እመልሰዋለሁ። ከዚያ ጣቷን ቁጥሩ ላይ አደረገች።

«ይህ ዐሥር ነው አይደል?»

«ዐሥር ነው።»

«ይህኛው ሦስት።»

«አዎ።»

ጠዋት ስንነሣ ከሏን አልለበሰችም።

አርባው ሲቃረብ አጎቴ መጣ። «ጌሾው አልተወቀጠ፣ ብቅሉ አልተፈጨ። ምን እየጠበቅሽ ነው?» አላት።

«ለሕያው ልጅ ተዝካር አላወጣም።»

«አንቺ ሴት፣ እኔ በእጄ ገንዤዋለሁ እኮ!»

«የሰው ልጅ ገንዘዋል፤ እግዜር ይስጥዎ። የእኔ ልጅ ግን በማግስቱ ቆሞ ይስቃል። ይኸው ቀኑ።»

አጎቴ ወደ እኔ ዞረ። ሁሉም ወደ እኔ ነው የሚዞረው። የተማርሁት እኔ ነኝ፤ የተማርሁት ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ነው። ንገራት አለኝ። ምን ብዬ እንደምነግራት አላወቅሁም። ካሜራው ተሳስቷል አልኋት። ለምን ይሳሳታል አለችኝ።

«ፊቱን አይተኸዋል?» አለችኝ ሌላ ቀን፤ ሁለታችን ብቻ ስንሆን።

«እጁን አይቻለሁ፣ እማዬ። የእሱን እጅ አውቃለሁ።»

«እጅ አልጠየቅሁህም።»

ከዚያ በላይ መሄድ አልቻልሁም። ያየሁትን ለእናት መንገር አይቻልም። ብነግራት ታምነኝ ነበር ይሆናል።

ዳንግላ ክርስትናውን የደገሱት እመቤት እንኳ መጡ። አጎቴ ነው ለምኖ ያመጣቸው። «እኔ ቤት የመጣው ኅዳር ዘጠኝ ነው፣ እህቴ፤ በማግስቱ መርዶውን ሰማን» ብለው አለቀሱ። እናቴ ምሳ አቀረበችላቸው፣ እጃቸውን አስታጠበች፣ እስከ መንገድ ሸኘች። ተመልሳ ስትገባ፣ «አስጠንተው ነው የላኳት፤ ምስኪን» አለች።

የስክሪኑ ጥቁር ነገር በዚያ መሀል እየሰፋ ነበር። ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። ባትሪውም አብጧል፤ ካሜራው የሚሠራው መብራት ሲኖር፣ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ብቻ ነው። ስለዚህ ምስሉን በፍላሽ ገልብጬ ቴሌቪዥን ላይ ከፈትሁላት። የልጇን ፊት በትልቁ ስታየው ከመቀመጫዋ ተነሣች። ቀጥሎ ጥጉን ፈለገች።

«ቀኑስ?»

«አልመጣም።»

«አልመጣም ወይስ አስቀራችሁት?»

እውነት አልመጣም ነበር። ጥጉ ባዶ ነው። የሰረቅሁ መሰለኝ።

ፍላሹን ይዤ የወንድሜ ጓደኛ ስቱዲዮ ሄድሁ። ሠርግ ሲበዛ አብረው ይሠሩ ነበር። ነገሩን ስነግረው ወንበር ሰጠኝና ፍላሹን ኮምፒውተሩ ላይ ሰካ።

«ቀኑ ከምስሉ ጋር የለም» አለኝ። «ካሜራው ለብቻው ይይዘውና ሲያጫውት ከላይ ያሳየዋል። ስትገለብጠው የሚመጣው ምስሉ ነው።»

«ምስሉ ላይ እንዲኖር ማድረግ ይቻላል?»

«አትምበታለሁ። ግን ከታተመ አብሮ ምስል ነው የሚሆነው። ኋላ አውጣልኝ ብትለኝ አልችልም። ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ምን ማለት ነው ምን ብዬ?»

«የምትለኝን ነዋ። ጥር ሃያ በለኝ፣ ጥር ሃያ እጽፋለሁ።»

ይህ አስደነገጠኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ካሜራው ለምን ዐሥር እንዳለ ጠየቅሁት። ቀኑን ማን እንደሞላው ጠየቀኝ፤ ነገርሁት። ሊስቅ ብሎ ተወው።

«ይህ ልጅ!» አለ። «ካሜራው የእኛ ወር ሁሉ ሠላሳ መሆኑን ከየት ያውቃል? ቁጥር አንድን የፈረንጅ ወር ነው ብሎ ሠላሳ አንድ ቀን ይሰጠዋል። መስከረም ላይ አንድ ቀን ዘገየ። ቁጥር ሁለትን ደግሞ በሃያ ስምንት ይዘጋዋል። ጥቅምት ላይ ሁለት ቀን ዘለለ። አንድ ዘግይቶ ሁለት ከዘለለ፣ ኅዳር ላይ አንድ ቀን ይቀድማል። ዘጠኝን ዐሥር ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው።»

ከስቱዲዮው ስወጣ ባጃጅ አልያዝሁም። በእግሬ ሄድሁ፣ እየፈጠንሁ። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ደስ ያለኝ የዚያን ቀን ብቻ ነው፤ መጻፉ ያሳፍራል። መናገር አያስፈልገኝም አልሁ። አሳያታለሁ። ዛሬ ራሷን እቀርጻታለሁ፤ ካሜራው የነገን ቀን ይጽፋል፤ በዓይኗ ታያለች፤ ያበቃል።

ገመዱን በመስኮት አውጥቼ ካሜራውን ግቢ ውስጥ ተከልሁት።

«እዚህ ጋ ቁሚልኝ፣ እማዬ።»

ነጠላዋን አስተካከለች። ቆመች። «እኔስ ወረቀት አልይዝም?» አለች።

«አያስፈልግም።»

«እሱ ይዟል እኮ።»

ወረቀት አመጣሁላት። ደረቷ ላይ ያዘችው። ቀረጽሁና መልሼ ከፈትሁት፣ አጠገቧ ተቀምጬ። ጥቁሩ ነገር ፊቷን ሸፍኖታል። ቁጥሩ ግን ይታያል። አምስት፣ አራት። ታኅሣሥ አምስት።

«ዛሬ ስንት ነው፣ እማዬ?» አልኋት፤ ሳላስብ።

«አቦ አይደል? አምስት።»

ስልኬን አየሁ። አምስት ነው። ካሜራው ልክ ነበር። አጠፋሁት፣ አበራሁት። አምስት። እናቴ ክፉ አልተናገረችም። እንዲያውም ያዘነችልኝ መሰለኝ። ወረቀቱን ለሁለት አጥፋ መለሰችልኝ።

«ይኸው» አለች።

ቁጭ ብዬ በጣቴ ስቆጥር ነው የገባኝ። ቁጥር ሦስትንም ሠላሳ አንድ ቀን ሰጥቶታል። በኅዳር የቀደማትን አንድ ቀን እዚያው ኅዳር መጨረሻ ላይ መልሷታል። ታኅሣሥ ሲገባ ማንም ሳይነካው ከእኛ ጋር እኩል ሆነ። ይህን ሁሉ ለእናቴ አስረዳኋት። መስከረምን በአንድ ጣት፣ ጥቅምትን በሌላ ጣት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«እና በኅዳር ዋሽቶ ታኅሣሥ ላይ ንስሐ ገባ በለኛ» አለች።

እውነቱን ይዣለሁ፤ ትክክል ነኝ። ግን ሲነገር እንደ ውሸት ነው የሚሰማው። ለራሴ ስናገረው እንኳ።

ማታ እራት ላይ፣ «ቀኑ ይታተማል ብሎሃል አይደል ያ ልጅ?» አለችኝ።

«ብሏል።»

«እንግዲያው አሳትምልኝ። ይህ ዕቃ ሊጠፋ ነው፤ እያየሁት ነው። ቀኑን ካተማችሁልኝ አርባውን አድርጉት። እኔ እጄን አልሰበስብም፤ እጋግራለሁ፣ እጠምቃለሁ።»

ለአጎቴ ነገርሁት። «ያሻትን ጻፍላት!» አለኝ። «ነፍሱ ትጠብቃለች፣ አንተ ስለ ቁጥር ታወራለህ።» ለንስሐ አባታችንም ነገርሁ። «ልጄ፣ እኔ ስለ ካሜራ አላውቅም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ስቱዲዮ ተመልሼ ገባሁ።

«ዘጠኝ ልበል?» አለኝ ጓደኛው።

«ዐሥር በል።»

«ስህተት መሆኑን ነግሬህ?»

«ዘጠኝ ካልህ ታነበዋለች። ቁጥር ታውቃለች።»

«አይለቅም ብዬሃለሁ። ነገ ሐሳቧን ብትቀይርስ? ያንተ ልጆች ቢያዩትስ?»

«ሌላ መንገድ ካለህ ንገረኝ።»

ዐሥርን ጻፈ። ኮምፒውተሩ ላይ አንዲት መስመር እየሞላች ስትሄድ ሁለታችንም አየናት። መብራት በጠፋ እያልሁ ነበር በልቤ። እንጅባራ መብራት በየሰበቡ ይጠፋል። የዚያን ቀን አልጠፋም።

ቤት ስንከፍተው ቁጥሩ ትልቅ፣ ቢጫ ነው። እናቴ ቀረብ ብላ አየችው።

«ጫማውን ሸፈነው» አለች። ቆየት ብላ፣ «ግድ የለም። ጫማውን አውቀዋለሁ» አለች።

የካሜራው ስክሪን ከጥቂት ቀን በኋላ ጨርሶ ጠቆረ። እንግዲህ ያለው የታተመው ነው። ወደፊት የሚያየው ሰው ሁሉ ወንድሜ በተቀበረበት ጠዋት ቆሞ ሲስቅ ያያል። ያንን ያደረግሁት እኔ ነኝ። የሚጠይቀኝ ካገኘሁ አስረዳለሁ፤ በጣቴ እየቆጠርሁ። የሚጠይቀኝ ይኖር እንደሆነ አላውቅም።

እናቴ ቃሏን ጠበቀች። ጠላው ደረሰ። ጾም ስለሆነ ሽሮና ምስር ነው የሠራችው፤ ማንም ሊተች የማይችል አድርጋ። ጎረቤት ሲያለቅስ እሷ ሣህን ታመላልሳለች። እንግዶቹ ጠንካራ ናት አሉ። ጠንካራ አልነበረችም። የሰው ተዝካር እያገዘች ነበር።

ካህናቱ ለጸሎት ተነሡ። የሚመሩት ከሌላ ደብር የመጡ ሽማግሌ ቄስ ነበሩ። መስቀላቸውን ይዘው ወደ እናቴ ዞሩ።

«ስመ ክርስትናው ማን ነው?»

እናቴ ማንቆርቆሪያ ይዛ ቆማለች። የንስሐ አባታችን ስሙን ያውቁታል፤ የቀበሩት እሳቸው ናቸው። ግን አልተናገሩም። ከእናቱ አፍ እንዲወጣ የፈለጉ ይመስለኛል። አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ቄሱ አልሰማች መስሏቸው ደገሙላት።

«የልጅሽ ስመ ክርስትና፣ እመዋ?»

እናቴ እኔን አየችኝ። በዓይኗ ምን እንዳለችኝ አላውቅም። ተናገር ነው ወይስ አትናገር፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ቄሱ እየጠበቁ ነው። ሰው ሁሉ እየጠበቀ ነው።

ተናገርሁት። ድምፄ ቀጠነ፤ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ቄሱ ስሙን ተቀብለው ከሙታን ጋር እየጠሩ ጸሎቱን ጀመሩ፤ ሰዉ አጎነበሰ።

ጸሎቱ ሲያልቅ እናቴ እየቀዳች እኔ ጋ ደረሰች። ብርጭቆዬን ሞላችው። ጎንበስ ብላ፣ ሌላው እንዳይሰማ፣ በአገውኛ ነገረችኝ።

«አንተ ነህ ያልኸው። እኔ አላልሁም።»

ቀጥሎ ወደተቀመጠው ሰው አለፈች።