የአባቴ የዓይን ጠብታ በረመዳን

አባቴ አንድ ዓይን ነው ያለው። ግራው ልጅ ሳለ ወሎ ውስጥ በኩፍኝ ጠፍቷል፤ እኔ ካወቅሁት ጀምሮ ድፍን ነጭ ነው። በቀኙ አርባ ዓመት ልብስ ሰፍቷል። እናቴ ከሞተች በኋላ እኔን ያሳደገኝ፣ ያስተማረኝ፣ ለሠርጌ የሚሆን ቀሚስ የሰፋልኝ በዚያው በአንዱ ዓይን ነው። ሠርጉ ሳይሆን ቀረ፤ ቀሚሱ አሁንም አለ። እናም ያ ቀኝ ዓይን አንድ ቀን ጠዋት ደም መስሎና ብርሃን ፈርቶ ተነሳ። ፈሪ ነኝ አልልም፤ ያን ቀን ግን ፈራሁ።

ካዛንቺስ የነበረው ሱቁ ከሰፈሩ ጋር ከፈረሰ ወዲህ ቂርቆስ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ የስፌት መኪናውን በሩ ላይ ዘርግቶ ይሠራል። ዓይኑ በቀላ ማግስት ሱቁ ብደርስ የጎን ሱቅ ያላት ጎረቤቱ ትንሽ ጠርሙስ ይዛ ቆማለች። «አምና ለእኔ ያዘዙልኝ ጠብታ ተርፎኛል፤ ወዲያው ነው የሚያቀዘቅዘው» አለችኝ። ሴትዮዋ ደግ ናት። ደግነቷን ከነጠርሙሱ መለስኩላትና አባቴን ይዤው ወሎ ሰፈር አካባቢ ወዳለ የዓይን ክሊኒክ ሄድን።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። አገጩን መሣሪያው ላይ አስደግፋ በቀጭን ብርሃን ውስጡን ስታይ ቆየችና «የተቆጣው የዓይኑ ውስጥ ነው» አለች። ካልታከመ ብርሃኑን ሊወስድ ይችላል። ብግነት የሚቀንስ፣ ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ አዘዘች፤ ነቅቶ ባለበት ሰዓት ሁሉ፣ በየሰዓቱ አንድ አንድ ጠብታ። ጠርሙሱን በደንብ መነቅነቅ፣ ምክንያቱም መድኃኒቱ ሲቀመጥ ከታች ይረጋል። መቅላቱ ጠፋ ተብሎ በድንገት አለማቆም። ባዶውን ጠርሙስ ይዞ ፋርማሲ ሄዶ ሌላ አለመግዛት። መድኃኒቱ የዓይን ግፊት ሊጨምር ይችላል፤ ግፊቱ ደግሞ አያምም፣ አያቀላም። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው። ለዚህ ነው በሳምንቱ ተመልሶ መለካት ያለበት።

ይህን ሁሉ ያዳመጥኩት እኔ ነኝ። የመለስኩትም እኔ፣ ወረቀቱን የተቀበልኩትም እኔ። አባቴ ኮፍያውን ጭኑ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ተቀምጧል። አንድ ጥያቄ እንኳ ለእሱ አልቀረበለትም። ሐኪሟ ወደ እሱ ዞር ስትል እኔ ቀድሜ እመልሳለሁ። እንዲህ ነኝ፤ ሰው አረፍተ ነገሩን እስኪጨርስ መጠበቅ አልችልበትም።

ረመዳን ሊገባ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። ትዝ አላለኝም።

ትዝ ያላለኝ በከንቱ አይደለም። እኔ አልጾምም። ከሁለት ዓመት በፊት ጨጓራዬ ደምቶ ሆስፒታል አድሬ ወጥቻለሁ፤ ሐኪሙ ባዶ ሆድ እንዳልውል አስጠንቅቆኛል። ይህን ለአባቴ አልነገርኩትም። ወባ ጥሎት እንኳ ጾሙን ያልፈታ ሰው ፊት «ጨጓራዬ» ማለት አፈርኩ። ስለዚህ ሜክሲኮ ካለው ቢሮዬ ምሳ ዕቃዬን ከመሳቢያ አውጥቼ እበላለሁ፤ ማታ ደግሞ ቤት ገብቼ ከእሱ ጋር ተምር አንስቼ ቢስሚላህ ብዬ እንደ ጿሚ አፈጥራለሁ። ሁለት ረመዳን እንዲህ አለፈ፤ ይኼ ሦስተኛው ነበር።

ጠብታው ከተጀመረ ጀምሮ ስልኬ በየሰዓቱ እንዲጮኽ አደረግሁ። በጮኸ ቁጥር እደውላለሁ።

«አባ፣ ጠብታውስ?»

«ጠርሙሱ አጠገቤ ነው ልጄ።»

«ነቀነቅከው?»

«አውቃለሁ፣ ይነቀነቃል። በይ ሥራሽን ሥሪ።»

ማስታወሻዬ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ስምንት ሰዓት፣ ምልክት። ዘጠኝ ሰዓት፣ ምልክት። ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅ «አንቺ፣ በቃ ነርስ ሆነሻል እኮ» እያለች ትስቅብኛለች። እኔ ግን በዚያ በምልክት በተሞላ ገጽ እኮራ ነበር።

በሳምንቱ ሐኪሟ ውስጡን አይታ ፊቷ ተለወጠ። «ግፊቱ ደህና ነው። ብግነቱ ግን ምንም አልቀነሰም። እንዲያውም ብሌኑ አንድ ጎን መጣበቅ ጀምሯል።» ከዚያ ወደ አባቴ ዞራ «አባባ፣ በትክክል እየጨመሩ ነው?» አለች።

«በየሰዓቱ ዶክተር!» አልኩ እኔ። «ማለቴ፣ እኔ ራሴ ነኝ የምከታተለው። ይኸው ተመልከቺ፣ መዝግቤዋለሁ።» ደብተሩን ዘረጋሁላት።

አባቴ መሬት መሬት ያይ ነበር። እያየሁት አላየሁትም።

ሐኪሟ ገጹን አየች፣ አመነችኝም። «እንግዲያው ጠብታው ብቻውን አልበቃም ማለት ነው። ሰኞ ተመለሱ። ለውጥ ከሌለ ዓይኑ ጎን መርፌ እንወጋለን። አንድ ዓይን ብቻ ባለው ሰው ላይ ወድጄ አይደለም የማደርገው።»

በታክሲ ስንመለስ ስታዲየም ጋ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆምን። አባቴ በመስኮቱ በኩል ወደ ውጭ ዞሮ ነበር፤ ምን ያህሉን እንደሚያይ አላውቅም። መርፌ፣ አንድ ዓይን፣ መርፌ፣ አንድ ዓይን፤ ከዚህ ሌላ ሐሳብ አልመጣልኝም። ወርዶ ሲገባ የሱቁ ደፍ አደናቀፈው። ሺህ ጊዜ የተሻገረው ደፍ ነው። «ጨለመ እንዴ?» አለኝ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር።

ሐሙስ ቀን ለቢሮ ጉዳይ ወደ ካዛንቺስ ተላክሁ። ጉዳዩን ቶሎ ስለጨረስኩ ለአባቴ ሳልነግረው ልጎበኘው በእግሬ ወደ ቂርቆስ ወረድኩ። መንገድ ላይ እንዳለሁ ስልኬ ጮኸ፤ እንደ ልማዴ ደወልኩ። «ጠርሙሱ አጠገቤ ነው» አለኝ። አሥር ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ደረስኩ።

መኪናው ላይ አቀርቅሮ የአንዲት ደንበኛ ቀሚስ ይዟል፤ ሴትዮዋ ወንበር ላይ ሆና ትጠብቃለች። ክር በመርፌ ቀዳዳ ሊያስገባ ይሞክራል፤ ክሩ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ያልፋል። ጠርሙሱ እውነትም አጠገቡ ነው፤ ከጠመኔውና ከመቀሱ ጎን ቆሟል። የሚቀጥለውን ሰዓት እኔው እጨምርለታለሁ ብዬ አነሳሁት። ፕላስቲኩ ስስ ስለሆነ በበሩ ብርሃን ውስጡ ይታያል። ከላይ እንደ ውሃ ጠርቷል፤ ነጩ በሙሉ ከታች ረግቷል።

ከአሥር ደቂቃ በፊት የተነቀነቀ ጠርሙስ እንዲህ አይረጋም። ከንጋት ጀምሮ ማንም አልነካውም።

«አባ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

ቀና አለ። የያዝኩትን አይቶ ክሩን አስቀመጠ።

«መቼ ነው የጨመርከው?»

«ማታ።»

«ዛሬስ?»

መቀሱን ወደ ጎን ገፋ አደረገ።

«አባ! ዛሬስ?»

«ጾም ነው ልጄ» አለ። «ጠብታው ወደ ጉሮሮ ይወርዳል። ምሬቱን አፌ ውስጥ አገኘዋለሁ። ጣዕሙን እያገኘሁት እንዴት አድርጌ ጾምኩ ልበል?»

«ታዲያ የቀኑን ሁሉ ምን ስታደርገው ነበር?»

«ቀዷ አወጣለሁ።» እንደ ቀላል ነገር ነው የተናገረው። ቀዷ ማለት ያመለጠን ጾም ወይም ሶላት በሌላ ጊዜ መተካት ነው። «ከአፍጥር በኋላ አንቺ ዕቃ ስታጥቢ እቆጥራለሁ። ለቀኑ አሥራ አንድ ከሆነ አሥራ አንዱንም እጨምራለሁ። አንድም አላጎደልኩም።»

አሥራ አንድ ጠብታ፣ አንዱ በአንዱ ላይ። ዓይን አንዲት ጠብታ እንኳ በቅጡ አይዝም፤ ሌላው በጉንጩ ወርዶ ሸሚዙ ላይ ቀርቷል። ዓይኑ ደግሞ ከንጋት እስከ መግሪብ ያለ መድኃኒት ሲበግን ውሏል። እኔ በየሰዓቱ ምልክት ሳደርግ።

ጮኽኩ። የሆንኩትን መደበቅ አልፈልግም፤ በመንገዱ የሚያልፍ ሰው እስኪቆም ጮኽኩ። «ዋሽተኸኛል! አንድ ዓይን እኮ ነው ያለህ! አንድ! ሰኞ መርፌ ሊወጉህ ነው፣ ገብቶሃል?» ደንበኛዋ ቦርሳዋን አንስታ «ቀሚሱ ይቆይልኝ፣ ነገ እመጣለሁ» ብላ ወጣች።

አባቴ እስክጨርስ ጠበቀኝ። እሱ ሰው እስኪጨርስ መጠበቅ ይችልበታል። ከዚያ «አልዋሸሁም» አለ። «ጠርሙሱ አጠገቤ ነው አልኩሽ። ጾሙ ከገባ ጨመርኩ ብዬሽ አላውቅም።»

ወደ ኋላ ሄጄ አስታወስኩ። እውነቱን ነው። ጾሙ ከገባ ወዲህ በዚያ ሁሉ ስልክ አንድ ጊዜ እንኳ «ጨመርኩ» አላለኝም። «በጾም አፌ አልዋሽም» አለኝ። ከዚያ በዚያች በቀላች ዓይኑ ረዘም አድርጎ አየኝና ሌላ ነገር ሊል አስቦ ተወው። እኔም ፊቴን አዞርኩ። ምሳ ዕቃዬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ባዶ።

ሰኞን አልጠበቅንም። በዚያው ሰዓት ታክሲ ይዘን ክሊኒክ ገባን። ለሐኪሟ ደብተሬ ውሸት መሆኑን የነገርኳት እኔ ነኝ፤ ጆሮዬ ድረስ እየጋለኝ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። «ጥፋቱ የእኔም ነው» አለች። «ጾም እንደሚገባ እያወቅሁ አልጠየቅኋቸውም።» ወንበሯን ስባ ከአባቴ ፊት ተቀመጠች። እኔን ሳይሆን እሱን እያየች አወራች።

«አባባ፣ የሃይማኖቱን ነገር እርስዎና ሼሁ ታውቁታላችሁ። እኔ የማውቀውን ላሳይዎት። ከዓይን ወደ አፍንጫ፣ ከዚያም ወደ ጉሮሮ የሚወስድ ቀጭን መንገድ አለ፤ ምሬቱ በዚያ ነው የሚመጣው። አንድ ጠብታ ይጨምሩ። ዓይንዎን ይጨፍኑ። አሁን እዚህ፣ አፍንጫዎ ሥር ያለውን የዓይንዎን ጥግ በጣትዎ ጫን ያድርጉ። ሁለት ደቂቃ።»

አባቴ ጣቱን ጫነ። የሰፊ ጣት ነው፤ ጫፉ በመርፌ ደድሯል። የግድግዳው ሰዓት ሲቆጥር ይሰማል። ሁለት ደቂቃ እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። ጣቱን አነሳና ምራቁን ዋጠ። እንደገና ዋጠ።

«የለም» አለ።

«ምኑ?» አልኩ።

«ምሬቱ።»

በዚያው ቀን ከዓሱር ሶላት በኋላ መስጊድ ሄዶ ሼሁን ራሱ ጠየቀ። ዓይን የምግብ መግቢያ አይደለም፣ ለታመመም ፈቃድ አለ ብለው እንደመለሱለት ማታ ነገረኝ። «እኔም ቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ» አለ። እኔ ያን ማታ ተምሩን አንስቼ መልሼ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩት። እሱን ዋሽተኸኛል ብዬ ሰፈር እስኪሰማ የጮኽኩት እኔ ነኝ፤ ሲዋሽ የከረመው ግን ማን ነበር? ከዓርብ ጀምሮ የያዝኩትን ምሳ ሳልነካ መዋል ጀመርኩ። ጽድቅ አይደለም፤ እፍረት ነው። ጨጓራዬ እንደ በርበሬ አቃጠለኝ፣ ዝም አልኩት።

ስልኩ አልቆመም። «ጠብታውስ?» ስል «ጨመርኩ» ይለኛል። ዓርብ። ቅዳሜ። እሑድ። ቃሉን በሰማሁ ቁጥር ትንሽ እተነፍሳለሁ፤ ሰኞን ሳስብ ደግሞ መልሶ ይጨንቀኛል።

ሰኞ ሐኪሟ ከመሣሪያው ጀርባ ረጅም ጊዜ ቆየች። «ቀንሷል» አለች በመጨረሻ። «መርፌው ይቅር። የተጣበቀችው ጥግ ግን ላትመለስ ትችላለች፤ ብሌኑ ፍጹም ክብ አይሆንም። ግፊቱም ትንሽ ከፍ ብሏል፤ መድኃኒቱን በአንዴ ሳይሆን ደረጃ በደረጃ እንቀንሳለን፣ ግፊቱን ደግሞ በየሳምንቱ እንለካለን።» ያ የጠፋው ሳምንት ያስቀረብን ይህን ነው። የአወሳሰዱን ወረቀት ለእሱ ሰጠችው፤ እሱም በቃሉ መልሶ ነገራት። እኔ አፌን ይዤ ተቀመጥኩ። ከባድ ነበር።

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ ከቢሮ ደወልኩ።

«አባ፣ ጠብታውስ?»

«ጨመርኩ። ጥጉንም ጫንኩ።»

«እሺ። በቃ፣ በሰዓትህ ደግሞ እደውላለሁ።»

«ቆይ አትዝጊ» አለ። የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። «ሁለት ረመዳን ሙሉ በዚህ ሰዓት ስትደውይ እያኘክሽ ነበር የምታናግሪኝ። ዘንድሮም እንደዚያው ነበርሽ። ከሐሙስ ወዲህ ግን አፍሽ ባዶ ነው።»

መሳቢያውን ሳብ አድርጌ መልሼ ዘጋሁት።

«ደምተሽ ሆስፒታል ያደርሽ ጊዜ ጓደኛሽ ደውላልኝ ነበር» አለ። «እስክትነግሪኝ ብዬ ነው የቆየሁት። በይ ልጄ፣ ብይ። ጨጓራሽ ይነሳብሻል።»

«እሺ» አልኩት። ምሳ ዕቃዬን ከመሳቢያው አወጣሁ። እሱ ስልኩን አልዘጋም፤ የመጀመሪያውን ጉርሻ ስውጥ እስኪሰማ ጠበቀኝ።