ወደ ካዚኖ የሚዋኙ ዓሣዎች

ማክሰኞ፣ ንጋት 11 ሰዓት፣ ዊንቸስተር፣ ላስ ቬጋስ አጠገብ

ጎረቤቴ ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ የላስ ቬጋስን ካዚኖዎች ምንጣፍ አንጥፈዋል። ወረርሽኙ ሆቴላችንን ከዘጋ ወዲህ ግን ሥራቸው መስኮት ላይ ቆሞ የኔን ፓርክ አደራረግ መተቸት ሆኗል። እኔም የሆቴሉን እንግዶች የማመላልስ የሸትል ሾፌር ነበርኩ፤ አብረን ነው የተባረርነው።

ዛሬ ግን ሥራ አለን! ኦሪገን ውስጥ ለእድሳት የቆመ ትልቅ የመዝናኛ መርከብ አዲስ ምንጣፍ ይፈልጋል። ሐሙስ ቀትር ላይ የቆመበት ደረቅ ገንዳ ውሃ ይለቀቅበትና መርከቡ ይሄዳል። እስከዚያ ከጨረስን በሚቀጥሉት መርከቦችም ሊቀጥሩን ቃል ገብተዋል። ካልጨረስን ያው ወደ መስኮታችን ነው።

«ጋሽ ሰይድ፣ መርከብ አይተው ያውቃሉ?»

«የሐይቅን ታንኳ አይቻለሁ።»

«ታንኳና መርከብ አንድ ነው እንዴ?»

«ምንጣፍ ምንጣፍ ነው። ዝም ብለሽ ንጂ!»

ረፋድ 3 ሰዓት፣ ኤፔክስ

ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው መጋዘን ምንጣፉን ጫንን። በካሬ የተቆራረጠ ሰማያዊ ምንጣፍ ነው፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ አንድ ብርቱካንማ ዓሣ አለ። ሰኔ ነው፣ የመኪናው ኤሲ አይሠራም። መንገድ ላይ ቶኖፓ ከተማ ስንደርስ የያዝነው ሳንቡሳ ዳሽቦርዱ ላይ እንደገና ተጠብሷል። በላነው።

ረቡዕ፣ ቀትር፣ ኦሪገን

መንገድ ላይ ዊነሙካ አድረን ደረስን። ጉድ ነው! ፎቅ የሚያህል መርከብ ውሃው በተመጠጠ ገንዳ ውስጥ ብሎኬት ላይ ቁጭ ብሏል። አንዱ ሆዱን ቀለም ይቀባል፣ አንዱ ይበይዳል፣ ክሬኑ አልጋና ሶፋ ያወጣል ያስገባል። ጋሽ ሰይድ የመርከቡን ሆድ ቀና ብለው አዩና ቶሎ አቀረቀሩ።

«ወላሂ ያሳፍራል። ራቁቱን እኮ ነው!»

የእድሳቱ ኃላፊ፣ ቢጫ ሄልሜት ያደረገች ረጅም ሴት፣ መጨረሻው የማይታይ ኮሪደር አሳየችን። ጋሽ ሰይድ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፦ «ካዚኖው በየት ነው?»

«ከኋላ» አለቻቸው።

ተንበርክከን ጀመርን። «ልጄ፣ ምንጣፍ የእንግዳን እግር ይመራል» አሉኝ። «ቬጋስ ውስጥ ወደ መውጫው የሚመራ ምንጣፍ ያነጠፈ ሰው ሥራ አያገኝም።» እስከ ምሽት ኮሪደሩ አለቀ። ያን ሁሉ ዓሣ በሰልፍ ሳይ ኩራቴ አይጣል ነው።

ሐሙስ፣ ረፋድ 3 ሰዓት

ኃላፊዋ ገባች። ቆመች። «ዓሣዎቹ ለምን ወደኋላ ይዋኛሉ?»

ለካ የመርከብ ኮሪደር ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ስለሆነ ተሳፋሪ ይጠፋል። የዓሣው ጭንቅላት ወደ መርከቡ ፊት ካየ፣ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል።

«አሁን ክፍሉን የሚፈልግ ሁሉ ካዚኖ ሊገባ ነው!» አለች።

«ታዲያ ምን አጠፋን?» አሉ ጋሽ ሰይድ ከልባቸው።

አልሳቀችም። ሰዓቷን አየች፤ ውሃው ሊለቀቅ ሦስት ሰዓት ብቻ ቀርቶናል። ጋሽ ሰይድ ሲገባቸው ካርቶን ላይ ቁጭ አሉ።

«የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ። በስልሳ ዓመቴ ከእንግዲህ ማን ይቀጥረኛል?»

አንጀቴን በሉት። «ይነሱ! በኢየሱስ ስም እናዞራቸዋለን!» አልኩ።

«ቢስሚላህ!» ብለው ተንበረከኩ።

እየነቀልን፣ እያዞርን፣ እየለጠፍን። እሳቸው ዓሣዎቹን ይቆጣሉ፦ «ዙሪ! አንቺም ዙሪ! ቁማር ይቅርብሽ!» ጉልበቴ የኔ መሆኑ ቀረ። ውሃው ሊለቀቅ ነው የሚለው ሳይረን ሲጮህ የመጨረሻዋን ለጠፍን።

ኃላፊዋ ኮሪደሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደችበት። ካዚኖው በር ላይ ስትደርስ ጎንበስ አለች። አንዲት ዓሣ አልዞረችም!

ጋሽ ሰይድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሷ የቬጋስ ልጅ ናት» አሉ።

ሴትየዋ በሳቅ ፈረሰች። ዓሣዋን ነቅላ፣ በቦታዋ ሌላ አስለጥፋ፣ የተነቀለችውን ለጋሽ ሰይድ ሰጠቻቸው። «ነሐሴ ላይ ሌላ መርከብ ይመጣል። መጀመሪያ ግን ፊቱ በየት እንደሆነ ጠይቁኝ።»

ቅዳሜ፣ ማለዳ፣ ዊንቸስተር

የጋሽ ሰይድ መስኮት ዛሬ ባዶ ነው። ደንግጬ ሄድኩ። ያቺ ዓሣ ደጃፋቸው ላይ ተነጥፋለች፣ ጭንቅላቷ ወደ ውጭ።

«ጋሽ ሰይድ፣ ይቺ ደግሞ ወዴት ነው የምትዋኘው?»

ጉልበታቸውን እያሹ ብቅ አሉ።

«ወደ ሥራ ነዋ!»