መርፌ ዘጠነኛ ደረጃ የወጣችበት እሁድ

ቂም ነውር ነው እያሉ የሚመክሩን ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ቂም የሚያዝባቸው ሰዎች ናቸው። መርፌ የሚሏት ሴት ምክራቸውን አልሰማችም። ቂሟን እንደ ልጅ አሳደገችው፤ እያበላች፣ እያባበለች፣ ሰው ፊት ሳታስለቅሰው። ጥርስ እስኪያወጣ ድረስ ጠበቀችው።

መርፌ የመኪና ወንበር ልባስ ሰፊ ናት። የምትሠራው አንድ ትልቅ ጋራዥ የኋላ ክፍል ውስጥ፣ በስፖንጅ ክምርና በማስቲሽ ሽታ መሀል፣ ወፍራም ቆዳ የሚበሳ ማሽን ፊት ተቀምጣ ነው። ስሙ የወጣላት በሥራዋ ብቻ አይደለም፤ ምላሷም ይወጋል። ጋራዥ ውስጥ ግን ያን ምላስ ታስረዋለች፤ የቤት ኪራይና ሁለት ተማሪ ልጆች ያሏት ሴት ምላሷን የምትፈታበትን ቦታ መምረጥ አለባት። እሷ የመረጠችው የአጎቷን ፀጉር ቤት ነው።

አጎቷ እሁድ ከሰዓት የፀጉር ቤቱን መጋረጃ ይጋርድና መቀሱንና ምላጩን ሰብስቦ መሀል ላይ ጠረጴዛ ይዘረጋል። ጠረጴዛው ላይ በእጁ የሣለው ካርታ፣ ቁጥር የተጻፈባቸው ባለ ብዙ ገጽ ዳይሶች፣ ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ አንድ ወረቀት ይቀመጣል። ጨዋታው እንዲህ ነው፦ ተጫዋቹ በምናቡ አንድ ሰው ይፈጥራል፤ ተዋጊ፣ ሌባ፣ ፈዋሽ፣ የፈለገውን። አጎትየው ዓለሙን ይተርካል። "ከፊታችሁ ጥቁር በር አለ፤ ምን ታደርጋላችሁ?" ይላል። እነሱ ይመልሳሉ፤ የሚያጠራጥረውን ነገር ዳይሱ ይፈርደዋል። ጭራቅ የጣለ ትልቁን የልምድ ነጥብ ያገኛል፤ በሕይወት የተረፉት ጓደኞቹም ድርሻ አላቸው፤ ነጥቡ ሲሞላ ደረጃ ይወጣል፤ ደረጃ የወጣ ደግሞ ጉልበቱን ወይም ምት የሚችልበትን ነፍሱን ወይም ችሎታውን ያሳድጋል። የሞተ ሰው አዲስ ወረቀት ተሰጥቶት ከአንደኛ ደረጃ ይጀምራል።

ይህ ጠረጴዛ የራሱ የሆነ አንድ ሕግ ነበረው። አንደኛ ደረጃ ላይ ያለ ሰው ፀጉር ቤቱን ይጠርጋል። በጨዋታው ውስጥ የሌሎቹን ጓዝ ይሸከማል፤ ከጨዋታው ውጪ መጥረጊያ ይዞ የሰው ሁሉ ፀጉር ይሰበስባል። ማማረር አይፈቀድም።

መርፌ ከመጥረጊያው ከተገላገለች ቆይታ ነበር። ስድስተኛ ደረጃ የደረሰች ጋሻ ያዥ ነበረቻት። ትከሻዋ ሰፊ፣ ድምጿ ወፍራም፣ ማንም ተቆጥቶ ዝም የማያሰኛት። መርፌ ጋራዥ ውስጥ ውጣ የምታድረውን ሁሉ ያቺ ሴት እሁድ እሁድ አፍ አውጥታ ትናገርላት ነበር። ከጎኗ የታክሲ ነጂው ሌባ አለ፤ ነጂው ስለ ሌባው ሲቀልዱበት "ሳምንቱን ሙሉ ለተሳፋሪ መልስ እየሰጠሁ ነው የምውለው፤ አንድ ቀን ብሰርቅ ምን አለበት?" ይላል። ሦስተኛው ተጫዋች ባለ ሰይፉ ነው። ባለ ሰይፉን የሚያጫውተው የጋራዡ ፎርማን ነው።

እሱን ወደዚያ ጠረጴዛ ይዛው የመጣችው ራሷ ናት። ያኔ ገና ከጎኗ ቆሞ ወንበር የሚፈታ ሠራተኛ ነበር፤ ሳቂታ፣ ተጫዋች። ከዚያ ፎርማን ሆነና ጋራዥ ውስጥ አንቱ ተባለ። ጠረጴዛው ላይም አንቱ ሊባል ሲዳዳው አጎትየው፣

"እዚህ አንቱ የሚባለው ዘንዶው ብቻ ነው" አለው። አንተ ሆኖ ቀረ።

ታዲያ አንድ እሁድ አንድ ግዙፍ የድንጋይ ጭራቅ እያሳደዳቸው ገደል ላይ የተዘረጋ የገመድ ድልድይ ይሻገራሉ። ጋሻ ያዥዋ ከሁሉም ኋላ ሆና ግዙፉን እየመከተች ሌሎቹን አሻገረች። ባለ ሰይፉ እንደተሻገረ ፎርማኑ ጠረጴዛውን መታ።

"ገመዱን እቆርጠዋለሁ።"

"እሷ እኮ ገና መሀል ላይ ናት!" አለ ባለ ታክሲው።

"ግዙፉም መሀል ላይ ነው።"

ዳይሱ ተጣለ፤ ገመዱ ተቆረጠ፤ ጋሻ ያዥዋና ግዙፉ አብረው ወረዱ። ገዳይ ተብሎ ትልቁን ነጥብ የወሰደው ገመድ ቆራጩ ነው። እዚያው አንድ ደረጃ ወጣ። መርፌ ቀና ብላ ስታየው እየሳቀ ነበር።

"ጨዋታ ነው እኮ፣ እህቴ። ታኮርፊያለሽ እንዴ?"

ይህ ብቻ ቢሆን ትተወው ነበር። ግን በዚያው ሳምንት ጋራዡ የሰፋቸው የአውቶብስ ወንበሮች ስፌታቸው ተተርትሮ ተመለሱ። ሥራው እንዲፈጥን ብሎ ቀጭኑን ክር ያዘዘው ፎርማኑ ነው። መርፌ "ይሄ ክር አይዝም" ብትለው "አንቺ ስፊ" ብሏታል። ሥራ አስኪያጁ መጥቶ የማን እጅ ነው ሲል ፎርማኑ ዓይኑን ሳያሽ "የእሷ ነው፤ ሰሞኑን ልቧ ሥራ ላይ የለም" አለ። ማሽኑ ለሌላ ሰው ተሰጠ። እሷ አሮጌ ወንበር ወደ መግፈፍ ወረደች፤ ዝገት የበላው ሽቦ በፒንሳ መንቀል፣ የሰው ላብ የጠጣ ስፖንጅ መቦጨቅ። ሥራ አስኪያጁ ዞር ሲል ፎርማኑ ጠጋ ብሎ፣

"አታክብጂው። አንድ ሰው መውደቅ ነበረበት" አላት።

ሁለት ጊዜ በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ሰው እጅ። ማሽኑ እንዲመለስላት ያን ያህል አልጓጓችም። የፈለገችው ያ ሰው በገዛ አፉ፣ ሰው ፊት፣ "ክሩን ያዘዝኩት እኔ ነኝ" እንዲል ነው። ካላለ ደግሞ እሷ የወደቀችበትን ገደል እሱም እንዲያየው።

በቀጣዩ እሁድ መርፌ መጥረጊያዋን አንስታ ወለሉን ጠረገች። ፎርማኑ እግሩን እንኳ አላነሳላትም። ከዚያ አጎቷ አዲስ ወረቀት ሰጥቷት "ምን ትሆኛለሽ?" አላት። ሁሉም ሌላ ጋሻ ያዥ፣ ምናልባትም ባለ መጥረቢያ ጠብቀው ነበር።

"ፈዋሽ" አለች።

ፎርማኑ በደስታ አጨበጨበ። "አሁን ገና ልብ ገዛሽ!"

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ልብ በሉ፤ እኔ ይህን ስሰማ ቆሜ ላጨበጭብላት ነው የቃጣኝ። ባለ ሰይፉ ሲቧጨር ታክመዋለች። ሲቆስል ከሁሉ አስቀድማ ትደርስለታለች። ደረጃ በወጣች ቁጥር ያላትን ነጥብ ሁሉ ፈውስ ላይ ታፈሳለች።

"አንድ ጊዜ እንኳ ዱላ አንሺ እንጂ!" ይላታል ባለ ታክሲው።

"እጄ ለስላሳ ነው፤ አይችልም" ትላለች፤ ሽቦ የቆራረጠው እጇን ጠረጴዛው ስር ደብቃ።

ፎርማኑ ደግሞ ፈዋሽ ከኋላው መኖሯን ሲያውቅ ነጥቡን ሁሉ ሰይፉ ላይ መከመር ጀመረ። ነፍሱ ላይ አንዲት ጠብታ አልጨመረም። አጎትየው ሊያስጠነቅቀው ሞክሯል።

"አንተ ሰውዬ፣ ዘጠነኛ ደረጃ ደርሰህ ነፍስህ የአራተኛ ደረጃ ሰው ነፍስ ናት። ክንድህ የዝሆን፣ ልብህ የጫጩት።"

"ለምን ብዬ ልጨምር ጋሼ? እሷ አለችልኝ አይደል? ዘጠነኛ ስትደርስ ደግሞ ሙት ታስነሳለች። ብሞትስ ምን እሆናለሁ?"

እውነቱን ነው። በሕጉ መሠረት ፈዋሽ ዘጠነኛ ደረጃ ስትወጣ፣ በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንድ ሙት ማስነሳት ትችላለች። መርፌ አንገቷን ደፍታ ፈገግ አለች። አጎቷ ያን ፈገግታ ከልጅነቷ ጀምሮ ያውቀዋል። ሰዎቹ ሲወጡ ቀስ ብሎ ጠየቃት።

"ልጄ፣ ምን እያበሰልሽ ነው?"

"ምንም ጋሼ። ሰው እያከምኩ ነው።"

ጋራዥ ውስጥ እሷ ሽቦ ስትነቅል ፎርማኑ ባጠገቧ እያፏጨ ያልፍ ነበር። አንዳንዴ ቆም ይልና "ፈዋሼ፣ እሁድ አደራ!" ይላታል። "አደራዎን እጠብቃለሁ" ትለዋለች፣ እንደ ጋራዡ ወግ አንቱ ብላ።

ዘንዶው የመጣ ዕለት ዝናብ ነበር፤ የፀጉር ቤቱ ጣሪያ ይንጣጣል። አጎትየው ጠዋት ብዙ ደንበኛ ስለነበረበት ወለሉን እንኳ በወጉ አልጠረገም። ፎርማኑ አሥረኛ ደረጃ ሊወጣ ትንሽ ነጥብ ነው የቀረው፤ በዚያ ጠረጴዛ አሥረኛ የደረሰ ሰው የለም። ዘንዶው ብቅ እንዳለ ማንንም ሳያማክር ብቻውን ዘሎ ገባ። ሰይፉ ዘንዶውን ከአንገቱ እስከ ደረቱ ተረተረው። ዘንዶውም በጭራው አንዴ መለሰለት። የጫጩቷ ነፍስ አንድ ምት አልቻለችም። ባለ ሰይፉ ወደቀ፤ ሌባው ከጥላ ወጥቶ ዘንዶውን ጨረሰው።

"ዘንዶው ሞቷል" አለ አጎትየው። "ባለ ሰይፉ እየደማ ነው። በሦስት ተራ ውስጥ ካልታከመ ያልፋል። ፈዋሽ፣ ተራው ያንቺ ነው።"

"በይ እህቴ" አለ ፎርማኑ፣ ወንበሩ ላይ ተንጋሎ።

መርፌ ዳይሱን በእጇ ከደነችው። "መጀመሪያ አንድ ነገር ንገረኝ። የአውቶብሶቹን ወንበር በቀጭኑ ክር ስፊ ብሎ ያዘዘኝ ማነው?"

ፎርማኑ ሳቅ አለ።

"ይሄ እዚህ ምን አገባው? ጨዋታ ላይ እኮ ነን!"

"ጠየቅኩህ።"

"ጋሼ፣ የእህትህን ልጅ አንድ በላት!"

አጎትየው የእህቱን ልጅ አየ፤ ከጠረጴዛው ስር ወጥቶ ዳይሱን የከደነውን፣ የተቆራረጠውን እጇን አየ። "አንድ ተራ አለፈ" አለ።

ፎርማኑ ቀና ብሎ ተቀመጠ። ሳቁ ከፊቱ ላይ እንደ ተነቀለ ልባስ ተንጠለጠለ። "ነገ ጋራዥ የምትገቢ አይመስልሽም መሰለኝ። ሽቦ መንቀሉም ይቅርብሽ?"

"ኧረ ሰውዬ!" አለ ባለ ታክሲው። "ለወረቀት ነፍስ የሰው እንጀራ ታስይዛለህ?"

"ሁለት ተራ አለፈ።"

አፉን ከፈተ። እዚህ ላይ ሦስቱም ይምላሉ፤ ሊናገር ነበር። "እኔ" የሚለው ቃል ከንፈሩ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ባለ ታክሲውን አየ፣ አጎትየውን አየ፣ በነጋታው ወሬው ጋራዥ ሲደርስ ታየው መሰለኝ፤ ዋጠው።

"የአንቺ ስፌት ነበር" አለ። "እጅሽ ነው የማይረባው።"

መርፌ እጇን ከዳይሱ ላይ አነሳች። "ተራዬን አልፌያለሁ።"

አጎትየው የባለ ሰይፉን ወረቀት አንስቶ አጠፈው። ቀጥሎ የዘንዶውን ነጥብ በሕይወት ላሉት አከፋፈለ። የመርፌ ነጥብ ሞላ፤ ዘጠነኛ ደረጃ ወጣች። ይህን ሲሰማ ፎርማኑ ከወንበሩ ብድግ አለ።

"ሙት ታስነሳለች! ሕግ ነው! ጋሼ፣ ሕጉን ንገራት!"

"ማስነሳትስ አስነሳለሁ" አለች መርፌ።

"ማንን?" አለ አጎትየው፤ ዕድሜ ልኩን ይህን ጥያቄ ሊጠይቅ የጠበቀ ነው የሚመስለው።

"ከድልድዩ ስር ያለችውን።"

ባለ ታክሲው ጠረጴዛውን ሲመታው ዳይሶቹ ዘለሉ። ፎርማኑ ጮኸ። "ያቺ እኮ ከሞተች ዓመት አልፏታል!"

"ሕጉ ትኩስ ሬሳ አይልም" አለ አጎትየው። መሳቢያውን ከፍቶ የጋሻ ያዥዋን ወረቀት አወጣ። አልጣለውም ነበር። "ዓይኗን ገለጠች። ስድስተኛ ደረጃዋ እንዳለ ነው። መጀመሪያ ምን ታደርጋለች?"

"ጋሻዋን ትፈልጋለች። ከዚያ ወደ ላይ ትወጣለች፤ የሚጠብቃት ሰው አለ።"

ትልቅ ሰው ሆና በጨዋታ ትበቀላለች ወይ የሚል ይኖራል። ይቅር ማለት ነበረባት የሚልም አይጠፋም። ማንን? ይቅርታ ያልጠየቀውን? ሦስት ተራ ሙሉ ተሰጥቶት ሦስቱንም ያቃጠለውን? እኔ እንኳን አላልኩት፤ እሷም አላለችውም። ሰኞ ምን እንደሚጠብቃት ታውቃለች። ምናልባት ሽቦውም ይቀርባታል። ያን እሁድ ግን የሰኞ ነገር ለሰኞ ነበር።

አጎትየው ባዶ ወረቀት አንሸራቶ ፎርማኑ ፊት አደረገ። አንደኛ ደረጃ። ፎርማኑ ወደ በሩ ሄደ፤ መጋረጃውን ገልጦ ዝናቡን አየ። ጨዋታውን ይወደዋል፤ ያ ነው ጉዱ። ከዚያ ጠረጴዛ ሌላ በሹመቱ ሳይሆን በዳይሱ የሚዳኝበት ቦታ የለውም፤ እሁድን ምን ሊያደርጋት ነው? ተመልሶ መጣ።

መርፌ ከጥግ መጥረጊያውን አንስታ ዘረጋችለት። ለቅጽበት አልተቀበላትም።

"ጨዋታ ነው እኮ፣ ወንድሜ" አለችው። "ታኮርፋለህ እንዴ?"

ተቀበላት። ጎንበስ ብሎ የማያውቃቸውን ሰዎች ፀጉር፣ ጥቁሩንና ሽበቱን፣ ወደ በሩ መግፋት ጀመረ። እሷ ወንበሯ ላይ ተደላድላ የጋሻ ያዥዋን ወረቀት በመዳፏ አለሳለሰች። እሱ ከፊቷ ሲደርስ እግሯን አላነሳችም።

"ከመስታወቱ ስር ቀርቷል" አለችው።